ሽምግልና በጦጣዎች መሃል

ጦጣዎች እንደ ልባቸው በጎብኚ መካከል የሚዘዋወሩበትን መናፈሻ አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ፣ አጥር ስለሌለ እዚያ ሰውና እንስሳ ይተማመናሉ ይላል። አይተማመኑም። ሄጄ አይቻለሁ። ጦጣው ዓይኑን ከሰው እጅ ላይ አይነቅልም፤ ጠባቂዋ ዓይኗን ከሰው ቦርሳ ላይ አትነቅልም፤ ጎብኚው ደግሞ በአንድ እጁ መነጽሩን፣ በሌላው ኪሱን ይዞ ፈገግ ይላል። አጥር ባለበት ቦታ ቢያንስ አንዱ ወገን አርፎ ይተኛል። አጥሩ ሲነሳ ሁሉም ዘበኛ ይሆናል።

ይህን የምለው ጦጣ ስለምጠላ አይደለም። ወደዚያ የሄድኩትም ጦጣ ለማየት አልነበረም። የሄድኩት ለሽምግልና ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ፍራንክፈርት ውስጥ የተጣላሁት አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከተማሪነት ጀምሮ የማውቀው፣ ስደት ስንወጣ ሃይም በሚሉት በአንድ የጥገኞች መኖሪያ ውስጥ እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን በተደራረበ አልጋ አብሮኝ የተኛ ሰው ነው። ሴት ልጅ ሲወልድ ክርስትና ያነሳቻት ባለቤቴ ነች፤ እኛ ልጅ አልነበረንም። ባለቤቴ ስትሞት ልጅቷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አባቷ ከሰፈሩ ከፌኸንሃይም እያመጣ፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር እኔ ቤት ይተዋታል። የባለቤቴን የአዝራር ቆርቆሮ ምንጣፍ ላይ ትዘረግፋለች፤ በቀለም ትለያለች፤ መልሳ ትደባልቃለች። እኔ አነባለሁ። ብዙም አናወራም። ሳምንቱን የምገፋው ለዚያ ቀን እንደነበረ የገባኝ ግን ቀኑ ከቀረ በኋላ ነው።

ያስቀረው ወሬ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ወደ ሆኽስት በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ በኤስ-ባን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና፣ “ወንድምህ የሚለውን ሰምተሃል?” አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ጓደኛዬ ሰው በተሰበሰበበት ገበታ ላይ፣ “እሱ ለጥገኝነት ያቀረበው ታሪክ ግማሹ ልብ ወለድ ነው፤ ጸሐፊ አይደል እንዴ” ብሎ አስቋቸዋል ተባለ። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ፣ መዝገባችን ተመልሶ ይታያል እየተባለ ሁሉም በሚሰጋበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቀልድ ከገበታ ተነስቶ የስደተኞች ቢሮ ለመድረስ ብዙ መንገድ አይፈጅበትም። ታሪኬ ግማሹ ልብ ወለድ ይሁን አይሁን እዚህ አልጽፍም። ይህን ለማወቅ የቸኮለ ሰው እዚያ ቢሮ በመርማሪነት ቢቀጠር ይሻለዋል።

ጓደኛዬን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይክዳል፤ ቢክድ አላምነውም፤ ታዲያ ምን አደከመኝ አልኩ። ሰላምታ ተውኩ። እሱም ምክንያቱን ከሌላ ሰው ሰምቶ ተወ። እሑዶቹም በዚያው ቀሩ። ከዓመት በላይ ልጅቷን አላየኋትም።

መሃል የገቡት ሁላችንም አቦይ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሆኽስት ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ እስላም ናቸው። የክርስትና ዝምድና ጉዳይ ምን አገባቸው ብሎ የጠየቃቸውን ሰው፣ “ክርስትናው የናንተ ነው፣ ኩርፊያው ግን የሁላችንም ሆነብን” ብለው መለሱለት አሉ። ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ አልሆነላቸውም። መጀመሪያ ቤታቸው ጠሩን፤ ሰላም ልንል ነው የሚል ጎረቤት በየተራ እያንኳኳ ሶፋው ሞላ፤ እኔ እዚያ የተናገርኩት ነገር ጓደኛዬ ቤቱ ሳይገባ ፌኸንሃይም ደረሰ። ቀጥሎ ማይን ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን፤ አንድ የአገራችን ሰው በብስክሌት አለፈ፤ ብዙ ሳይቆይ ያው ሰው ያው ብስክሌት ይዞ ተመልሶ አለፈ።

በሦስተኛው ስልክ ደወሉ።

“ቅዳሜ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለህ?”

“የለኝም፣ አቦይ።”

“አሁን አለህ። ጦጣ እናያለን።”

“የምን ጦጣ?”

“ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ሳጠያይቅ የተገኘው ይሄ ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቁ ጦጣዎች ናቸው። ወሬ አያመላልሱም። የመጨረሻዬ ነው፤ ዘንድሮ ካልታረቃችሁ እጄን አውጥቻለሁ።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጠረጠርኩትን ነገር ሁሉ ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም። ቦታውን ማን ነገራቸው? ግማሽ ቀን በአውቶባን፣ በፈጣኑ አውራ ጎዳና የሚያስኬድ ሽምግልና ምን ዓይነት ሽምግልና ነው? በእሳቸው መኪና ሄጄ ብናደድ በምን እመለሳለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሬ ካለው እስር ቤት ግንብ አጠገብ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አሮጌዋ መኪናቸው መጣች። ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጧል። አጠገቡ ልጅቷ አለች። ቁመት ጨምራለች፤ ወልቀው የነበሩት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ለፊቷ ገና ትልልቅ ናቸው።

“እናቷ ሥራ ናት” አሉ አቦይ፣ ገና የመኪናውን በር ሳልዘጋ።

ሳልጠይቅ መልስ የሰጠኝን ሰው አላምነውም። ከፊት ገባሁ። ልጅቷ “ሃሎ” አለችኝ፤ ለፖስተኛ የሚባለውን ዓይነት ሃሎ ነው።

አውቶባኑ ላይ የተናገሩት አቦይ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያወሩት ስለ መንገድ ጥገና ነው። ብዙ ከሄድን በኋላ ጓደኛዬ ከኋላ፣ “አቦይ፣ ከፊት ያሉት ትልቅ ሰው መስኮታቸውን ይዘጉ እንደሆነ ይጠይቁልኝ፤ ልጅቷን በረዳት” አለ።

አንቱ ብሎኝ አያውቅም። አንቱታው ስድብ መሆኑን ከልጅቷ በቀር ሁላችንም አውቀናል።

“አቦይ፣ ከኋላ ያሉት ጌታ ልጃቸውን ሹራብ አያለብሱም ወይ ብለው ይጠይቁልኝ” አልኩ።

“አንታ” አሉ አቦይ በአገራቸው አነጋገር፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ “መስኮቱም አፋችሁም አብረው ይዘጉ።”

መስኮቱን ዘጋሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ከመውረዴ በፊት የሰዉን ፊት ሁሉ አየሁ። አንድም የአገር ሰው የለም። ይህም አላስደሰተኝም፤ የሌለ ሲመስል ነው የሚኖረው ብዬ ነው።

በሩ ላይ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰች ወጣት ጠባቂ ደንቡን ነገረችን። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ግልገሎቹን መንካት ክልክል ነው። ጦጣዎቹን ማብላት የሚቻለው እሷ የምትሰጠውን ብቻ፣ መዳፍን ዘርግቶ ነው። የምትሰጠው ፈንድሻ ነው። በኛ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበውን ለጦጣ ከትልቅ ሳጥን እየዛቀች ታድላለች። ጓደኛዬ እፍኙን ተቀብሎ አየውና፣ “እዚህ ቤት እንግዳው ማን ነው?” አለ። ለልጅቷ ነው የተናገረው፤ ለእኔ ግን ነው። ልስቅ ነበር። ሊያስቀኝ በመቻሉ ይበልጥ ተናደድኩ።

ጠባቂዋ የአቦይን የቆዳ ቦርሳ በጣቷ አሳየች። ምን አለበት?

“ኡንተርላገን” አሉ አቦይ። ሰነዶች ማለታቸው ነው።

ጠባቂዋ አሳለፈቻቸው። በጀርመን አገር የውጭ ሰው ሰነድ ይዟል ሲባል የሚጠራጠር የለም፣ ያልያዘ እንደሆነ ነው እንጂ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ግን ባለቤታቸው ማለዳ ተነስተው የጋገሩት፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ሕምባሻ ነው። የአቦይ ሽምግልና አንድ የማይለወጥ ሥርዓት አለው። ይቅር የተባባሉ ሰዎች ከተቀመጡበት ሳይነሱ አንድ ዳቦ ቆርሰው መብላት አለባቸው። ተነስተው ሌላ ቦታ ሄደው ቢበሉ፣ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ይላሉ። ስለዚህ ምግብ ይዞ መግባት የሚያስገስጽበት፣ ሌባ የሞላበት ጫካ ውስጥ፣ ትኩስ ዳቦ በብብታቸው ይዘው ገቡ። እንዲህ ያለ ጥፋት ለማጥፋት ጀርመን መሆን አይበቃም፤ የሐበሻ ሽማግሌ መሆን ያስፈልጋል።

ጦጣዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ፣ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጠጉር ያላቸው ናቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንጨት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጭራ የላቸውም።

“ጭራቸውስ?” አሉ አቦይ።

“ድንበር ላይ ተወስዶባቸው ይሆናል” አለ ጓደኛዬ። “ያለ ወረቀት ተሻግረው ይሆናል።”

አቦይ ሳቁ። እኔ ዛፍ አየሁ።

ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ጥላ ስር ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። እሱን በአንዱ፣ እኔን በሌላው አስቀመጡን። እሳቸው እንደ ወጉ ቃል ለማመላለስ መሃል ቆሙ፤ አንዱ የሚናገረውን ሌላው በግልጽ የሚሰማ መሆኑ ግድ አልሰጣቸውም። ልጅቷ ትንሽ ራቅ ብላ መዳፏን ዘርግታ ፈንድሻ ታበላለች። ከአቦይ ጀርባ አንድ ትልቅ ወንድ ጦጣ መጥቶ ተቀመጠ። ወደ እኛ አላየም። ልክ የአገር ቤት ጆሮ ጠቢ ጋዜጣ እንደሚያነበው ቅጠል እያገላበጠ ነበር፤ ቦርሳው ወደ ቀኝ ሲዞር ግን እሱም ወደ ቀኝ ይዞራል።

አቦይ ወደ እኔ መጡ። “ምን አለ ብለው ነገሩህ?”

ነገርኳቸው። ሄዱ። ጓደኛዬ ሲመልስ ሰማሁት።

“አቦይ፣ እንዲህ ይበሏቸው። እሳቸው የጻፉትን ነገር እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም። ግማሹ ልብ ወለድ ይሁን እውነት በምን አውቃለሁ?”

አቦይ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወደ እኔ ተመለሱ። “አላልኩም ብሏል” አሉኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“ይሄን ወሬ ያመጣልህ ማን ነው? ስሙን ንገረኝና ሰውዬውን ጠርተን ፊት ለፊት እናናግራቸው።”

“አልናገርም። አደራ ብሎኛል።”

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ አቦይን መጠበቅ ተወ። ቀጥታ ወደ እኔ ተናገረ፤ አንቱታውንም ተወው። “የኔን ስም ያጠፋውን ሰው ስም ትጠብቅለታለህ። የባለቤትህን ሬሳ ሳጥን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሱ የት ነበር?”

ፊቴን አዞርኩ። 

ያዞርኩት ወደ ልጅቷ ነበር። እሷ ከቆመችበት አጠገብ አንድ ወንድ ጦጣ ትንሽ ጥቁር ግልገል አቅፎ በእንጨቱ ላይ ይሄዳል። ከፊቱ ሌላ፣ ከእሱ የሚገዝፍ ወንድ ተቀምጧል። ግልገሉን ሰርቆ የሚሸሽ መስሎኝ ነበር። ግን አልሸሸም፤ በቀጥታ ወደ ግዙፉ ሄዶ ግልገሉን መሃላቸው አስቀመጠው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር፤ ጥርሳቸውን አሳይተው እያንቀጫቀጩ። አንድ የመናፈሻው ሰው ለተሰበሰቡ ጎብኚዎች ነገሩን ያስረዳ ነበር። ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ ወደ አቦይ ሮጣ መጣች። አቦይ የፋብሪካ ጀርመንኛ እንጂ የዚህ ዓይነቱን አይችሉም፤ ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ልትተረጉምላቸው ነው።

“አቦይ፣ ያኛው ጦጣ ትልቁን ይፈራዋል። ስለዚህ ቤቢ ይዞ ይሄዳል። ቤቢ ካለ አይናከሱም።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ሁለቱም ቤቢውን ያያሉ። ከዚያ ጥርሳቸውን እንዲህ ያደርጋሉ።” አሳየቻቸው። ለዚህ ሥራ ጥርሷ ይበቃል።

“ቤቢው የማን ነው? የሱ ነው?” አልኳት። ከዓመት በኋላ ያናገርኳት የመጀመሪያ ነገር ይህ ሆነ።

“ኢስት ኤጋል” አለች ትከሻዋን ነቅንቃ፤ የማንም ቢሆን ለውጥ የለውም ማለቷ ነው። “የሱ መሆን የለበትም፣ ጋሼ። ብቻ ቤቢ ይሁን።”

አቦይን አየኋቸው። እሳቸው የዛፍ ጫፍ ያያሉ።

“አቦይ፣ እናቷ እውነት ሥራ ናት?”

“ቅዳሜ ሰው አይሠራም?”

“ሐበሻ የሌለበት ቦታ ፈልገው ነው ወይስ ይሄን የግልገል ነገር ሰው ነግሮዎት ነው?”

“ምኑን?” አሉ። ያን ያህል ንጹህ የሆነ “ምኑን” ሰምቼ አላውቅም። ለዚያ ነው ያላመንኩት።

ተነሳሁ። እንደ ጦጣ በግልገል ተይዤ መምጣቴ አቃጠለኝ። ወደ መኪና ማቆሚያው እሄዳለሁ፤ በባቡርም በእግርም ቢሆን ፍራንክፈርት እገባለሁ ብዬ ነው። ጓደኛዬም፣ “ይሂድ፤ ተዉት” አለ፤ ያለው ግን እንዳይሄድ የሚፈልግ ሰው በሚልበት ድምፅ ነው። አቦይ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ቦርሳውን ያቀፈውን እጅ ነበር።

ቅጠል ሲያገላብጥ የቆየው ጦጣ ሲጠብቅ የነበረው ይህን ነው። ከቦርሳው አፍ የወጣችውን የነጭ ጨርቅ ጫፍ ይዞ ጎተተ። አቦይ መልሰው ጎተቱ። ጓደኛዬ ዘሎ ከወንበሩ ተነስቶ ከአቦይ ጋር ጎተተ። ሕምባሻው ወጣ፤ በጠርዙ ቆሞ እንደ መኪና ጎማ መንገዱን ይዞ ተንከባለለ። ከየዛፉ፣ ከየእንጨቱ ወረዱበት። ያልደረሳቸው ደግሞ ፈንድሻ የያዘ እጅ ፍለጋ ዞሩ። አንዱ ወደ ልጅቷ ጥርሱን አውጥቶ መጣ።

ከሁላችንም ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ልሄድ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ሮጣ ኮቴን ያዘች፤ ፊቷን ውስጡ ደበቀች። እጄን ራሷ ላይ አደረግኩ። ጓደኛዬ ከወዲያ ደርሶ እሱም እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ እጄ ላይ አረፈበት። እሱ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁትም። ጎንበስ ብለን ስናያት ሁለታችንም ጥርሳችን ይታይ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

“ነከሰሽ?” አላት።

“ናይን፣ አልነከሰኝም” አለች ከኮቴ ውስጥ።

አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰችው ጠባቂ ስትደርስ መንገዱ ላይ የቀረው ፍርፋሪና ነጭ ጨርቅ ነበር። ፍርፋሪውን አየች፤ አቦይን አየች። “ኡንተርላገን?” አለች።

“ያ” ብለው አዎንታቸውን ሰጡ አቦይ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ።

መውጫውን አሳየችን።

መኪናው ጋ እንደደረስን አቦይ አላስገቡንም። ዳቦው ቢጠፋም ሥርዓቱ አልጠፋም። ልጅቷ የጃኬት ኪሷ ውስጥ የደበቀችው ጥቂት ፈንድሻ ነበር፤ አወጡትና በመዳፋቸው ዘረጉት።

“ብሉ።”

“አቦይ፣ ይሄ የጦጣ ነው” አለ ጓደኛዬ።

“እናንተስ?”

በላን። ፈንድሻው ጨው የለውም፤ የኪስ ብናኝ ብናኝ ይላል።

“አመንከኝ?” አለኝ ጓደኛዬ፣ እያኘከ።

“አላመንኩህም።”

“እኔም አላመንኩህም። ያን ስም ካልነገርከኝ አላምንህም።”

“አልነግርህም።”

“እሺ” አለ። ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ የጃኬቷን ዚፕ ዘጋላት። “ነገ እሑድ ነው። ቤት አለህ?”

“የት እሄዳለሁ” አልኩት።

አቦይ ሞተሩን አስነሱ።

እንግዲህ ዕርቅ ማለት እውነቱ ሲወጣ፣ ጥርጣሬ ሲጠራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ምንም አልጠራም። እሱ ያንን ቀልድ ቀልዶ ይሆናል። ሲቀልድ አውቀዋለሁ፤ አፉን ይዞ ጥሩ ሳቅ የሚያሳልፍ ሰው አይደለም። ወይም አላለም ይሆናል፤ ኤስ-ባን ውስጥ የነገረኝ ሰው ምን ፈልጎ እንደነገረኝ አሁንም አላውቅም። አቦይ ስለ ጦጣዎቹ ልማድ አስቀድመው ያውቁ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ልጅቷ ብቻ በማግስቱ መጣች፤ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያ ራሷ አወረደች። አሁን ቁመቷ ይደርሳል።

በቀጣዩ ክረምት ያው ሰው ያው ኤስ-ባን ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “ታረቃችሁ አሉ” አለኝ። መናፈሻው ውስጥ ሐበሻ አልነበረም፤ ማን ነገረው? ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “እንግዲህ ከታረቃችሁ እውነቱን ልንገርህ። ያን ወሬ መጀመሪያ ያወራው ማን መሰለህ?”

የምወርደው ሆኽስት ነበር። ባቡሩ ከዚያ በፊት ባለው ጣቢያ፣ ግሪስሃይም ላይ በሩን ሲከፍት ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ፤ ብርዱ ውስጥ ቆሜ ቀጣዩን ጠበቅኩ። በሕይወቴ ጥያቄ ትቼ የወረድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ ልጅቷ ትመጣ ነበር።

ይህን ከምታነቡት መካከል በዚያን ጊዜ ፍራንክፈርት የኖራችሁ አላችሁ። ያንን ነገር ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ ብሎም እንደሆነ የምታውቁ ትኖራላችሁ። አትንገሩኝ።